ሁሉ ይነሳል

አባቴ ቤታችንን ሊያስፈርስ መስማማቱን ያወቅሁት በግንቦት ወር፣ ቦረቦሩ አፋፍ ላይ ካለች የግራር ቁጥቋጦ ሥር ተቀምጬ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። «አወቅሁ» የምለው ያኔ እንደመሰለኝ ነው።

ሰቆጣ ውስጥ የእኛን መንደር ከቀረው ከተማ የሚለየው ያ ቦረቦር ነበር። ጎርፍ በየክረምቱ እየበላው ሦስት ሰው ቁመት ያህል ጠልቋል። ወዲያ ማዶ የመንግሥት ሠራተኞች የሚከራዩዋቸው ቤቶች፣ ጤና ጣቢያውና ትምህርት ቤቱ አሉ። እኛ ማዶ ከሰሃላ፣ ከደሃና፣ ከሰቆጣ ዙሪያ ድርቅ ወይም ሥራ ፍለጋ ያመጣን ሰዎች ነን። ድምፅ እንሰማማለን። የወዲያ ማዶው ሬዲዮ ዜና ሲያነብ እኛ ግቢ ድረስ ይመጣል፤ የእኛ ሕፃን ሲያለቅስ እነሱ መስኮት ይዘጋሉ። ለመሻገር ግን እስከ ታችኛው ድልድይ ወርዶ እንደገና ሽቅብ መውጣት ነው፤ በእኔ እግር አንድ ሰዓት። ከመካከል ያለው ቆሻሻ ነበር። የተቀደደ ጫማ፣ የሞተ ውሻ፣ አመድ፣ የሁለቱም ማዶ ጥራጊ። የሁለቱ ማዶ ልጆች የምንገናኘው በወንጭፍ ብቻ ነው።

እቤት የምንናገረው ኽምጣና ነው። አማርኛን ገና ትምህርት ቤት ነበር የምለምደው። ግሶቹን ቶሎ እይዛለሁ። ሄደ፣ መጣ፣ ሰበረ፣ ወሰደ፤ እነዚህ አያመልጡኝም። ማን ምን እንዳደረገ የሚነግረው ቀሪው ግን ሳልይዘው ያልፋል። ትምህርት ቤት ይህ ብዙም አልጎዳኝም፤ የጎዳኝ ቦረቦሩ አፋፍ ላይ ነው።

በዚያ ግንቦት ትሁት የምትባል የማዘጋጃ ቤት ባለሙያ መጣች። ከደብረ ታቦር የተመደበች ወጣት ናት። ሱሪ ትለብሳለች፣ ሰፊ ባርኔጣ ታደርጋለች፣ በብብቷ የተጠቀለለ ትልቅ ወረቀት አይጠፋም። አባቴን፣ ድንጋይ ፈላጩን ሙሉሰውን፣ ሜትር እንዲይዝላት ቀጠረችው። እሷ አንዱን ጫፍ ትይዛለች፣ እሱ ሌላውን ይዞ ወደ ቦረቦሩ ይወርዳል፣ ትጽፋለች፣ እሱ አናቱ ቀይ የተቀባ ችካል ይመታል። እኔ ቁጥቋጦዬ ሥር ተደብቄ አያቸው ነበር።

ዓርብ ቀን ሊያርፉ አጠገቤ ተቀመጡ። አላዩኝም።

«እዚህ ያለው ሁሉ ይነሳል» አለች ትሁት፣ ከእኛ ማዶ ጀምራ በእጇ እያሳየች።

«መቼ?» አላት አባቴ።

«ሰኔ ሳያልቅ። አፋፉንም እናፈርሳለን፣ ከዚያ እንደለድላለን። ሰዉ ግን ይስማማል ይላሉ፣ ጋሽ ሙሉሰው?»

«ይስማማል» አለ አባቴ። «እኔ እነግራቸዋለሁ።»

ይነሳል። እናፈርሳለን። እነግራቸዋለሁ። ሦስቱንም ግስ በትክክል ያዝኳቸው። «እዚህ ያለው» ማለት እኛ ነን ብዬ ደመደምኩ፤ ሌላ ምን አለ? ቆሻሻ የሚነሳ ነገር መሆኑ ጭራሽ አልመጣልኝም። እኔ ሳውቀው ጀምሮ እዚያው ነበረ፤ እንደ ድንጋዩ የቦታው ፍጥረት ይመስለኝ ነበር።

ጥርጣሬዬን ያጸናችልኝ ጎረቤታችን እትዬ ጥሩሐረግ ናት። ሽንኩርትና ጨው ጉልት ላይ ትሸጣለች። በፊት ከታች ከመንገዱ ዳር የራሷ ቤት ነበራት፤ መንገዱ ሲሰፋ ቤቷ ፈረሰና እኛ አጠገብ ተከራየች። ያን ቀን ማታ ከእናቴ ከደብሬ ጋር ደጃፋችን ላይ ቆመው ወደ ቦረቦሩ ሲያዩ ሰማኋት።

«የእኔም ደጃፍ ላይ መጀመሪያ የተከሉት እንዲህ ያለ አናቱ ቀይ እንጨት ነው» አለቻት። «ከዚያ መኪናው መጣ።»

«ሙሉሰው ደህና ነገር ነው ይላል» አለች እናቴ።

«ወንድ ሥራ ካገኘ ምን የማይለው አለ» አለች ጥሩሐረግ።

እናቴ አልመለሰችላትም። ዝምታዋን ፍርሃት ነው ብዬ ወሰድኩት። ዛሬ ስጠይቃት የታዘበችው ጥሩሐረግ ከእኛ የተዋሰችውን ወንፊት ይዛ መቆሟን እንደነበር ትናገራለች። የእናቴን ፊት የማነብ ይመስለኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት፣ ከብቶች ሳይወጡ፣ የመጀመሪያውን ችካል ነቀልኩ። ከደጃፋችን አምስት እርምጃ ላይ የቆመው ነው። ወደ ግራና ቀኝ ወዘወዝኩት፣ በሁለት እጄ ይዤ ሳብኩት፣ ወጣ። እጄ ላይ የቀረው ቀይ ቀለም የበደል ሳይሆን የጀግንነት ምልክት መስሎ ታየኝ። በዚያ ቀን ሦስት ነቀልኩ፣ በማግስቱ ሁለት፤ በሳምንት ተኩል ውስጥ አሥራ ሰባት ደረሱ። ሰባብሬ ከማገዶው ክምር ውስጥ ደባለቅኋቸው። እናቴ አንድ ቀን ጭሱ ሸተታትና «ይህ እንጨት ከየት ነው?» አለችኝ። ከመንገድ አገኘሁት አልኳት።

ያን ዕለት ማታ አባቴ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ እግሩን ሲያሞቅ አንድ ሳይነድ የቀረ ቀይ አናት አመዱ ውስጥ ብቅ ብሎ አየሁ። አባቴ መቆስቆሻውን አነሳ፣ አመዱን ገለባበጠ፣ ቀዩ እንጨት ጠፋ። ከዚያ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረ። ሳያይ ቀበረልኝ ብዬ በዕድሌ ተገረምኩ።

አይቶ ነበር። አባቴ በሕይወቱ ሙሉ ድንጋይ ሲያይ የኖረ ሰው ነው፤ የትኛው ደም ሥር እንደሚሰነጠቅ በዓይኑ የሚለይ ሰው ቀይ ቀለም አያመልጠውም። ለምን ዝም እንዳለ ግን ለብዙ ዓመት አልገባኝም።

እዚህ ላይ ያኔ የማላውቀውን አንድ ነገር ልናገር። ዛሬ እኔ ራሴ በዚያው ማዘጋጃ ቤት ነው የምሠራው፤ የከተማ ፕላን ተምሬ ተመለስኩ። አምና የቆዩ ፋይሎች ሳስተካክል የቦረቦሩን ፋይል አገኘሁት። ከሁሉ በታች፣ ከጥናቱም ከፕላኑም በፊት፣ በጥር ወር የተጻፈ አንድ ገጽ ማመልከቻ አለ። ጽሕፈቱ በክፍያ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው እጅ ነው፤ ከሥሩ የአውራ ጣት አሻራ አለበት። «በሁለቱ ማዶ መካከል መሻገሪያ ደረጃ ይሠራልን፣ ዛፍ ይተከልልን። ልጄ ለትምህርት ዞራ ስትሄድ አንድ ሰዓት፣ ስትመለስ አንድ ሰዓት ትጓዛለች። ድንጋዩን እኔ ፈልጬ እሰጣለሁ» ይላል። አመልካች ሙሉሰው። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሐሳቡ ከቢሮ የመጣ ይመስለኝ ነበር። እኔ ጠዋት ጠዋት የነቀልኩት የአባቴን ልመና ኖሯል።

በሰኔ አጋማሽ የሥራው ኃላፊ አቶ ፋንታሁን ሁለት ሰዎች አስከትሎ መጣ። ትሁት ወረቀቷን ዘርግታ ቆማለች፤ ባርኔጣዋን አውልቃለች። ከእኛ ማዶ ሰዉ ወጥቶ አፋፉን ሞላ፤ ከወዲያ ማዶም እንዲሁ።

«አርባ አንድ ችካል» አለ ፋንታሁን። «አንድም የለም።»

ቁጥሩ ጆሮዬ አልገባም። እኔ የያዝኩት «የለም» የሚለውን ነው። አሸንፌያለሁ።

«ለማገዶ አድርገውት ነው» አለ ከወዲያ ማዶ አንድ ሰውዬ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

«እናንተ ቆሻሻችሁን ስትደፉብን ማን ምን አላችሁ?» አለች ጥሩሐረግ ከእኛ በኩል። «ዛሬ ደግሞ ሌባ ልትሉን ነው?»

ከሁለቱም በኩል ድምፅ ተነሳ። ፋንታሁን እጁን አነሳ። የተቆጣ ሰው አይመስልም፤ የደከመው ሰው ነው የሚመስለው።

«ጭቅጭቅ አያስፈልግም» አለ። «ሕዝቡ ካልፈለገው ሥራውን ሌላ ቀበሌ እንወስደዋለን። ሰኔ ሠላሳ በጀት ይዘጋል። እንደገና እንለካ ብንል አቅጣጫ መለኪያ መሣሪያው ተመልሷል።»

ትሁት ወረቀቷን መጠቅለል ጀመረች። ያን ጊዜ አባቴ ከሰው መሐል ወጣ።

«ችካሉ የጠፋው በእኔ ቤት ነው» አለ። አማርኛው ቀስ ያለ ነበር፤ እያንዳንዱን ቃል እንደ ድንጋይ አስተካክሎ ነው የሚያስቀምጠው። «እስኪመሽ እኔ እመልሰዋለሁ።»

«ልኬቱን ማን ያውቀዋል?» አለው ፋንታሁን።

«እኔ። ሜትሩን ስይዝ ነበር።»

አንድ ከወዲያ ማዶ ያለ ሰው ሳቀ። ፋንታሁን ትሁትን አያት። ትሁት ወረቀቷን መልሳ ዘረጋች።

አባቴ ከባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ አዲስ ችካል ጠረበ፣ አናቱን ኖራ ውስጥ ነከረ፣ ቁልቁል ወረደ። የመጀመሪያውን ከመታ በኋላ ዓይኑን ወደ ወዲያ ማዶው ጤና ጣቢያ ጣሪያ ጥሎ እርምጃውን ቆጠረ፣ ቆመ፣ መታ። ትሁት በሜትሯ ለካችው፣ ወረቀቷን አየች። «ልክ ነው» አለች። ሁለተኛው ልክ ነው። አምስተኛው በአንድ ስንዝር ዘለለ፤ ሳትነግረው ራሱ ተመልሶ ነቀለና አስተካከለው። አሥረኛው ላይ ሲደርስ የሚስቅ አልነበረም። የወዲያ ማዶ ልጆች «ልክ ነው» የሚለውን ከትሁት ቀድመው መጮህ ጀመሩ። ሰዉ ሁለቱንም አፋፍ ይዞ አብሮት ይሄዳል።

እኔ የማየው ግን ሌላ ነው። አባቴ በሰው ፊት፣ በገዛ እጁ፣ የቤታችንን መፍረሻ ምልክት እያደረገ ነው። ሰዉም ያጨበጭብለታል። ሮጥኩና የመጨረሻው ችካል የነበረበት ጉድጓድ ላይ፣ ከደጃፋችን አምስት እርምጃ ላይ፣ ቁጭ አልኩ።

አባቴ አርባኛውን መትቶ ሽቅብ ወጣ። ከኋላው ትሁት፣ ፋንታሁን፣ መንደሩ በሙሉ። አየኝ። መዶሻውን መሬት ላይ አስቀምጦ ፊት ለፊቴ ተንበረከከ።

«ተነሺ» አለኝ በቋንቋችን።

«አልነሳም» አልኩት። «እኛ አንነሳም። ቤታችን አይፈርስም።»

«ምን አለች?» አለች ትሁት።

አባቴ ተረጎመላት። ትሁት መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ሱሪዋ አቧራ ለበሰ።

«ቤታችሁ ይፈርሳል ያለሽ ማን ነው?»

«አንቺ» አልኳት በአማርኛ። «ሁሉ ይነሳል አልሽ። እናፈርሳለን አልሽ።»

አፏን በእጇ ያዘች። «ቆሻሻው ነው የሚነሳው» አለች። «የሚፈርሰውም የገደሉ አፋፍ ነው፤ ደረጃ እንዲሠራበት። ቤት አይደለም። አንድም ቤት አይነካም።»

አባቴ ለእኔ ተረጎመው። ረጋ ብሎ፣ ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ ነበር፤ እኔ አፍንጫው ሥር ተቀምጬ ለምን እንደሚጮህ አልገባኝም። ትርጉሙን ሲጨርስ ከኋላ የጥሩሐረግ ድምፅ መጣ፣ በኽምጣና።

«እና ቤቱ አይፈርስም?»

«አይፈርስም» አላት አባቴ።

«የእኔስ ኪራይ ቤት?» አለች ሌላ ሴት።

«የማንም።»

ትሁት ወደ ሰዉ ዞረች። «ስብሰባ ተሰብስበን ነበር እኮ» አለች። «ሁሉንም አስረድቻለሁ። እጅ አውጥታችኋል።»

«አስረድተሻል» አለ አባቴ። «በአማርኛ።»

እሱ ራሱ በዚያ ስብሰባ ላይ አልነበረም፤ የወዲያ ማዶ ሰው ግንብ ሲሠራ ውሎ ነበር። እነግራቸዋለሁ ብሎ ቃል የገባውንም በየቤቱ ዞሮ ለአባወራዎች ነግሯል፤ አባወራዎቹ ለሚስቶቻቸው አላደረሱም። ይህን ያጫወተኝ ካደግሁ በኋላ ነው፤ ጥፋቱንም ራሱ ላይ ነበር የሚያደርገው። ያን ቀን ግን ትሁት አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ወረቀቷን ጭኗ ላይ ዘርግታ ከመጀመሪያው ጀመረች፦ ደረጃው እዚህ ይወርዳል፣ ወይራና ዋንዛ እዚህ ይተከላል፣ እዚህ ሰው የሚያርፍበት መቀመጫ ይሆናል፣ በዚህ በኩል ወደ ጤና ጣቢያው ይወጣል። አንድ ዓረፍተ ነገር እሷ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር አባቴ። ጥያቄ ሲመጣ ወደዚያ፣ መልስ ሲመጣ ወደዚህ። የቢሮ ሰው የተናገረው ነገር በእኛ ቋንቋ ሲነገር ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ፋንታሁን እንኳ አልሄደም። የመጨረሻውን ችካል አባቴ ያቆመው እኔ ራሴ ተነስቼ ቦታውን ከለቀቅሁለት በኋላ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ስወጣ ደጃፋችን ላይ የችካል ክምር አገኘሁ። አናታቸው ቀይ፣ የድሮዎቹ። ያቃጠልኳቸው ከአመድ ተነስተው የመጡ መሰለኝ፤ ወደ ቤት ሮጬ ምድጃውን አየሁ። ለብዙ ቀን ለማንም አልተናገርኩም።

ሒሳቡን የሠራሁት አድጌ ነው። የጠፉት አርባ አንድ፤ እኔ የነቀልኩት አሥራ ሰባት። እትዬ ጥሩሐረግ፣ ስድስቱ በእሷ አልጋ ሥር እንደነበሩ የነገረችኝ ኮሌጅ ልገባ ስሰናበታት ነው፤ አንዱን ደግሞ የሽንኩርት ጆንያ መደገፊያ አድርጋው ነበር። የቀሩት የማን የማን እንደነበሩ አባቴ ያውቃል፤ እስከ ዛሬ አልነገረኝም፤ ምድጃው አጠገብ እኔን እንደሸፈነኝ እነሱንም ሸፍኗል። ጠዋት ጠዋት ብቻዬን መንደሬን የማድን ሲመስለኝ ግማሹ መንደር በየተራው ይነቅል ኖሯል።

ሥራው ሰኔ ሃያ ተጀመረ። እኛ ከእኛ አፋፍ፣ እነሱ ከእነሱ አፋፍ። መጀመሪያ ቆሻሻው ተነሳ፤ በእርግጥም ሁሉ ተነሳ። ከዚያ አባቴ የፈለጠው ድንጋይ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ወረደ። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ዝናቡ ሲበረታ ሁለቱ ቡድኖች ቦረቦሩ ወለል ላይ ተገናኙ። የዚያን ቀን «ለማገዶ ነው» ያለው ሰውዬ ከአባቴ ጋር አንድ ድንጋይ በሁለት በኩል ይዘው አየኋቸው። ማንደፍሮ ይባላል፤ አስተማሪ ነው። ይቅርታ ሲጠይቅ አልሰማሁም። ድንጋዩ ከብዶት ሲንገዳገድ አባቴ «ጠብቅ፣ በዚህ ዙር» አለው፣ እሱም በዚያ ዞረ። በመስከረም ለትምህርት ስሻገር ለመድረስ የፈጀብኝ ሩብ ሰዓት እንኳ አይሞላም።

ችግኞቹ ሁሉ አልጸደቁም። በበጋው ግማሹ ደረቀ፤ ሁለቱም ማዶ የልብስ እጣቢ ውሃ እያመጣ ቀሪውን አተረፈ። በጦርነቱ ወራት፣ ማገዶ በጠፋ ጊዜ፣ ሰዉ ቅርንጫፍ ቆረጠ፣ ግንድ አልቆረጠም። ይህን ማንም አላዘዘም። አሁን ወይራዎቹ ከሰው ራስ በላይ ናቸው፤ ከእኛ ማዶ ወደ ወዲያኛው ማዶ የተዳሩ አራት ልጆች አሉ፤ ከታች መቀመጫው ላይ ሽማግሌዎች የሁለቱን ማዶ ክርክር ይዳኛሉ። በየዓመቱ አዲስ ቦረቦር ለማልማት ስንነሳ ለቢሮዬ ሰዎች የማስቀድመው አንድ ነገር አለ፦ አስተርጓሚው ከሜትሩ በፊት ይሄዳል።

ትሁት በተከታዩ ጥቅምት ወደ አገሯ ተዛወረች። ልትሰናበት ስትመጣ ሁለቱም ማዶ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጠበቃት፤ እነሱ ከላይ በዚያ፣ እኛ በዚህ፣ ልጆች ደግሞ ከመሐል ተደበላልቀን። በአማርኛ አጭር ነገር ተናገረች። ከዚያ ከኪሷ ብጣሽ ወረቀት አወጣች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ወደ እኛ ማዶ ዞረች። በኽምጣና ልትናገር ነው። ለሦስት ሳምንት ስታጠና እንደከረመች እናቴ ነግራናለች።

ተናገረች። ጮክ ብላ፣ ቃል በቃል፣ ሳትደናቀፍ። ያለችው ነገር ወደ አማርኛ ቢተረጎም «ፍየሌ ጨው በላች» ነበር።

ጥሩሐረግ ነጠላዋን አፏ ላይ ጎተተች። ከእኛ ማዶ ማንም አልሳቀም። ከወዲያ ማዶ መምህር ማንደፍሮ ወደ አባቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ምን አለች?» ሲል ጠየቀ።

ሁለቱንም ቋንቋ የምሰማ እኔ አባቴን ቀና ብዬ አየሁት። ፊቱ አልተለወጠም።

«'አልረሳችሁም' ነው ያለችው» አለ።

ከዚያ ማዶ ጭብጨባ ተነሳ፤ የእኛም ተከተለ። ትሁት ወረቀቷን አጥፋ ወደ አባቴ መጣችና ድምፅዋን ቀንሳ፣ «ልክ አልኩት፣ ጋሽ ሙሉሰው?» አለችው።

«ልክ ነው» አላት።